«ለምን እንዲህ አደረገ?» ፊልም አይቶ በቤት ውስጥ ስለመከራከር

 

ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ በብዙ ቤቶች ክርክር ይጀመራል። «ልጁ ለምን እውነቱን ለአባቱ አልነገረም?»፣ «ሴትየዋ ያን ያህል ለምን ጨከነች?»፣ «ዳይሬክተሩስ መጨረሻውን ሳያሳየን ለምን ጨረሰው?» የሚሉ ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ይሟገታል፤ ታላቅ ወንድም በሁሉም ላይ ይፈርዳል። ብዙ ጊዜም ነገሩ ሳይበስል አንድ ሰው «ተዉት እባካችሁ፣ ፊልም እኮ ነው!» ብሎ ይዘጋዋል።

እኛ ግን ይህ ክርክር እንዲህ በአጭሩ መቀጨት የለበትም እንላለን። በዕለት ተዕለት ኑሯችን ሰው ያደረገውን እናያለን እንጂ ለምን እንዳደረገው አናይም። የልብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነውና። ታሪክ ተራኪ ግን ለሁለት ሰዓት ያህል የሰውን ልብ ገለጥ አድርጎ ያሳየናል፤ ወይም ሆን ብሎ ይሸፍንብናል። በልብ ወለድ ሰው ላይ በችኮላ የፈረደ ልጅ ነገ በወንድሙ ላይ፣ ከነገ ወዲያም በጎረቤቱ ላይ እንዲሁ ይፈርዳል። ቆም ብሎ መጠየቅን የለመደ ደግሞ ያንኑ ልማድ ይዞ ያድጋል።

ችግሩ ያለው መከራከሩ ላይ ሳይሆን አከራከሩ ላይ ነው። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አብረው ይቦካሉ። የመጀመሪያው «ለምን አደረገው?» የሚል ሲሆን ይህ ስለ ሰውየው ልብ ነው። ሁለተኛው «ያደረገው ልክ ነው ወይ?» የሚል ነው፤ ይህ ፍርድ ነው። ሦስተኛው «ተራኪው ለምን በዚህ መንገድ አሳየን?» የሚል ሲሆን እርሱም ስለ ታሪኩ አሠራር ነው። አንዱ ስለ መጀመሪያው ሲናገር ሌላው ስለ ሁለተኛው ይመልስለታል፤ ከዚያም ሁለቱም ይቆጣሉ። እነዚህን ጥያቄዎች ለያይተን እንድናይ የሚረዱን ሦስት ፊልሞችን መርጠናል።

በብስክሌቱ ላይ ያለው ጫማ

ኢራናዊው ዳይሬክተር ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 «የሰማይ ልጆች» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። ታሪኩ ቀላል ነው። ዐሊ የሚባል ትንሽ ልጅ የእህቱን የዘህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ድንች ሊገዛ ወደ አትክልት ሻጭ ይገባል። በዚያች ቅጽበት ጫማው ይጠፋል። እናታቸው ታማለች፤ የቤት ኪራዩ አልተከፈለም። ስለዚህ ዐሊ ለአባቱ እንዳትናገር እህቱን ይለምናታል። ከዚያ በኋላ የእርሱን አሮጌ ሸራ ጫማ በፈረቃ ያደርጉታል። እርሷ ጠዋት ተምራ በሩጫ ትመለሳለች፤ እርሱ መንገድ ላይ ጠብቆ ይቀበላታልና ለከሰዓት ትምህርቱ ይሮጣል።

በዚህ ፊልም ላይ ልጆች ሲከራከሩ የሰማ ሰው ሁለት ወገን ያገኛል። አንደኛው «ዐሊ ዋሸ፤ ለአባቱ መንገር ነበረበት» ይላል። ሁለተኛው «ቢነግረው አባቱ ከየት አምጥቶ ይገዛል?» ይላል። ልብ በሉ! ሁለተኛው ልጅ ለመጀመሪያው አልመለሰለትም። የመጀመሪያው ስለ ልክ መሆንና አለመሆን ተናገረ፤ ሁለተኛው ስለ ምክንያቱ መለሰ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ዐሊ የደበቀው ከፍርሃት ብቻ አይደለም፤ አባቱ የማይችለውን ሸክም እንዳይጭንበት ብሎም ነው። ያም ሆኖ መደበቁ የእህቱን እግር መንገላታት አላስቀረም።

ተራኪው የሠራው ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደንቃል። ልጁ ሦስተኛ ለሚወጣ ሯጭ ሸራ ጫማ የሚሸለምበት ውድድር ውስጥ ይገባል። ዐላማው አንደኛ መውጣት አይደለም፤ ሦስተኛ ወጥቶ ጫማውን ለእህቱ ማምጣት ነው። እየሮጠ ሳለ ይወድቃል፤ ተነሥቶም ሲሮጥ ሳያስበው አንደኛ ይወጣል። ሁሉም ሰው ሲያጨበጭብለት እርሱ ያለቅሳል። የልጁን ምክንያት የማያውቅ ሰው ያንን ለቅሶ የደስታ ዕንባ ይለዋል። እኛ ግን ልቡን ስላየን ሐዘን መሆኑን እናውቃለን። አንድ ዕንባ፣ ሁለት ትርጉም!

ወደ መጨረሻው ላይ ካሜራው የአባትየውን ብስክሌት ያሳየናል። ከገዛቸው ዕቃዎች መካከል አዲስ የልጆች ጫማ አለ። ዐሊና ዘህራ ይህንን አያውቁም። ፊልሙ የሚያልቀው ጫማው እጃቸው ሳይገባ፣ ዐሊ የቆሰለ እግሩን በገንዳው ውኃ ውስጥ አስገብቶ ነው። ዳይሬክተሩ ልጆቹ ሲደሰቱ ለምን አላሳየንም? ጫማው ሲሰጣቸው ቢያሳየን ኖሮ ታሪኩ ስለ ጫማ ይሆን ነበር። እነርሱ የማያውቁትን ለእኛ ብቻ በማሳየቱ ግን ሌላ ነገር ነገረን፦ ልጆቹ ለአባታቸው እንዳዘኑለት ሁሉ አባትም ሳይናገር ለልጆቹ ሲያስብ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንዱ የሌላውን ልብ አላየም። ይህንን ለልጆቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ «አባትየው ምን እንደያዘ አያችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው ይበቃል።

የማይታየው ፊትና የወህሺ ጦር

ከልብ ወለድ ወደ እውነተኛ ታሪክ ስንሻገር ክርክሩ ይከብዳል። እዚያ ያሉት ሰዎች የደራሲ ፈጠራ አይደሉምና።

ትውልደ ሶሪያዊው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «አር-ሪሳላ» በካሴት፣ ኋላም በሲዲ፣ ዛሬም በእጅ ስልክ እየታየ ስንት ቤት እንዳስለቀሰ አንባቢያችን ያውቃል። ፊልሙ በሁለት ቋንቋ በሁለት የተዋንያን ቡድን ተሠራ። በእንግሊዝኛው ሐምዛን (ረ.ዐ) ሆኖ የተጫወተው አንቶኒ ኩዊን፣ በዐረብኛው ዐብዱላህ ገይስ ነበር። ሂንድን ደግሞ በእንግሊዝኛው አይሪን ፓፓስ፣ በዐረብኛው ሙና ዋሲፍ ተጫውተዋታል።

ዐቃድ ከሁሉ በፊት የገጠመው ጥያቄ የአተራረክ ነበር። የማይታይን ሰው ማዕከል አድርጎ እንዴት ፊልም ይሠራል? መልሱ ካሜራውን ራሱን ዐይን ማድረግ ሆነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም፤ ሌሎቹ ወደ ካሜራው እያዩ ይናገራሉ። የዐሊይ (ረ.ዐ) መኖርም በሰይፋቸው ብቻ ይታወቃል። በዚህ ምክንያት የታሪኩ ክብደት በሐምዛ፣ በቢላል፣ በዘይድ፣ በአቡ ሱፍያንና በሂንድ ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2012 በረመዳን የቀረበው «ዑመር» የተሰኘው የሐቲም ዐሊ ተከታታይ ድራማ ግን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ዑመርንና (ረ.ዐ) ሌሎች ታላላቅ ሶሓቦችን በተዋናይ አሳየ። ጽሑፉን የገመገሙ ዑለማዎች ነበሩ፤ አል-አዝሀር ግን አጥብቆ ተቃወመ። የሁለቱም ሥራዎች ክርክር «ምን ተነገረ?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት ተነገረ?» በሚለው ላይ ነበር።

ሳያዩ መፍረድ ምን ሊያስከትል እንደሚችልም ይኸው ፊልም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1977 «ሪሳላ» በአሜሪካ መታየት በጀመረበት ዕለት፣ በዋሽንግተን ታጣቂዎች ሦስት ሕንፃዎችን ይዘው ከ100 በላይ ሰዎችን አገቱ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ፊልሙ እንዲታገድ ነበር። የአንድ ወጣት ጋዜጠኛ ሕይወት ጠፋ። ሊጠብቁት የፈለጉትን ክብር ዐቃድ አስቀድሞ ለመጠበቅ መድከሙን ግን አላዩም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ሐምዛን (ረ.ዐ) የገደለው ወህሺ ለምን ገደለው?

ብዙ ተመልካች «ሂንድ ስላዘዘችው» ብሎ ይመልሳል። ፊልሙ የበቀሉን ክር በሂንድ እጅ አስይዟልና። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር አባቷ ዑትባ፣ አጎቷ ሸይባና ወንድሟ አል-ወሊድ ሞተዋል። ተመልካቹ ያንን አይቷል፤ ስለዚህ ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። በቡኻሪ ዘገባ ግን ወህሺ ራሱ የተናገረው ሌላ ስም ነው። ጌታው ጁበይር ኢብን ሙጥዒም አጎቱ በበድር በሐምዛ እጅ ስለተገደለበት «ሐምዛን ብትገድል ነፃ ነህ» ብሎ ቃል ገባለት። ሂንድም ታበረታታው እንደነበር ኢብን ኢስሓቅ ይተርካል። ስለዚህ አንዱን ጦር የገፉ እጆች ከአንድ በላይ ነበሩ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ ያለው ዳይሬክተር ሁሉንም ክር ሊስብ አይችልም፤ አንዱን ይመርጣል። ሂንድን የመረጠው ሐዘኗን አስቀድሞ ስላሳየን ይመስለናል። በአተራረክ ይህ ብልህ ምርጫ ነው። ነገር ግን የተከፈለ ዋጋ አለ። ባሪያውን በነፃነቱ የገዛው ጌታ ከተመልካች ልብ ተረሳ፤ የሰንሰለቱ ባለቤት ወደ ጥላ ገብቶ የአንዲት ሴት ቁጣ ብቻ ፊት ለፊት ቆመ። ልጆቻችን «ክፉዋ ሂንድ» ብለው ሲነሱ «ወህሺን ባሪያ ያደረገውስ ማን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው ፊልሙ የዘለለውን አብረን እንሞላለን።

እኛን ኢትዮጵያውያንን ደግሞ ይህ ትዕይንት ይበልጥ ይነካናል። ወህሺ ሐበሻዊ ነበር። ቢላልም (ረ.ዐ) እናቱ ሐበሻዊት ናት። ሁለቱም በመካ በባርነት ኖረዋል፤ ሁለቱም ነፃነትን ተጠምተዋል። ቢላል በጋለ አሸዋ ላይ ደረቱ በድንጋይ ተጭኖ «አሐድ፣ አሐድ» ብሎ ጸና፤ ወህሺ ጦሩን አነሣ። እንግዲህ «ባርነት ነው እንዲህ ያስደረገው» የሚል ተከራካሪ ምን ይመልስ? ባርነቱ የወህሺን ምክንያት ያስረዳል፤ ዕዳውን ግን አይሰርዝለትም። አለበለዚያ የቢላል ጽናት ትርጉም አይኖረውም ነበር። ምክንያትን ማወቅና ጥፋትን ማጽደቅ ለየቅል ናቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥፋቱ የሰውየው ማብቂያ አይደለም። ሂንድ በመካ መከፈት ጊዜ ሰለመች። ወህሺም ሰለመ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ተቀበሉት። ሆኖም የአጎታቸው ሐዘን ከባድ ነበርና ፊቱን ከእርሳቸው ያርቅ ዘንድ ጠየቁት። ምሕረት ቁስል የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የት ይገኛል? በኋላም በየማማ ጦርነት ሐሰተኛውን ነቢይ ሙሰይሊማን በጦሩ የወጋው ይኸው ወህሺ ነበር። ብዙ ተመልካች ግን ሁለቱንም በዚያች በኡሑድ ሰዓት ብቻ ያስታውሳቸዋል። ካሜራ ሰውን በክፉ ሰዓቱ ላይ አቁሞ ሊያስቀረው ይችላል፤ እኛም በጎረቤታችን ላይ ይህንኑ እንዳናደርግ እንጠንቀቅ!

የተቆረጠው ትዕይንት

ሦስተኛው ፊልም የኢራናዊው አስገር ፈርሃዲ «መለያየት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በዚያው ዓመት በበርሊን ወርቃማውን ድብ፣ በ2012 ደግሞ በውጭ ቋንቋ ለተሠራ ምርጥ ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር አገኘ። እዚህ ፊልም ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ለዚህም ነው የሚያከራክረው።

ሲሚን ልጇን ይዛ ከአገር መውጣት ትፈልጋለች። ባሏ ናዴር የመርሳት ሕመም ያለበትን አባቱን ትቶ አይሄድም። ሲሚን ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ናዴር አባቱን የምትጠብቅለት ራዚየህ የምትባል ድሃ ሴት ይቀጥራል። እርሷም ነፍሰ ጡር ናት፤ መሥራቷንም ለባሏ አልነገረችውም። አንድ ቀን ናዴር ሲመለስ አባቱ እጁ ከአልጋው ጋር ታስሮ፣ ወድቆ ያገኘዋል። ገንዘብም ጎድሏል። ተቆጥቶ ሴትየዋን ከበር ወደ ውጪ ይገፋታል። ፅንሷ ይጠፋል። ጉዳዩም ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ናዴር ነፍሰ ጡር መሆኗን ያውቅ ነበር ወይ? አላውቅም ብሎ ለዳኛው ይናገራል። የ11 ዓመቷ ልጁ ቴርሜህ ግን ትጠራጠራለች፤ አጥብቃም ትጠይቀዋለች። በመጨረሻ እንደሚያውቅ ያምናል፤ በቁጣው ቅጽበት ግን ትዝ አላለኝም ይላታል። ይህ ውሸት ነው ወይስ እውነት? እዚህ ላይ ባልና ሚስት ተመልካቾች እስከ እኩለ ሌሊት ቢከራከሩ አይገርመንም። ብዙዎቻችን በቁጣ ሰዓት የምናውቀውን ነገር እንረሳለንና። ሕግ ፊት ግን «አውቅ ነበር፤ ረስቼው ነው» የሚል መልስ የለም። ልጅቱም ዳኛው ሲጠይቃት አባቷን ለማዳን ትዋሻለች። አባት ለራሱ የዋሸው ውሸት ወደ ልጁ አንደበት ተሸጋገረ!

የፈርሃዲ ትልቁ ምርጫ ግን ያላሳየን ነገር ነው። ራዚየህ ከቤት የወጡትን ሽማግሌ ፍለጋ መኪና ወደሚበዛበት መንገድ ስትገባ እናያለን፤ ከዚያ ትዕይንቱ ይቆረጣል። በኋላ እንደምንረዳው በዚያ ቀን መኪና ገጭቷታል፤ ፅንሱ የጠፋው ከዚያ ይሁን ከደረጃው ውድቀት እርሷ ራሷ አታውቅም። ዳይሬክተሩ ይህንን በመደበቁ አታለለን ማለት ይቻላል? የሚከራከሩ አሉ። እኛ ግን ተመልካቹን ከዳኛው ወንበር ላይ ማስቀመጡ ነው እንላለን። ዳኛው ያላየውን እኛም አላየንም። እርግጠኛ ሆነን የፈረድን ሁሉ ያ የተቆረጠ ትዕይንት ሲገለጥ በራሳችን እናፍራለን።

ከዚያም የራዚየህ ውሳኔ ይመጣል። ካሣው ሊከፈል ነው፤ የባሏ አበዳሪዎች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ናዴር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ጥፋቱ የእርሱ መሆኑን በቁርኣን ትማልለት። ባሏ ይለምናታል። እርሷ ግን እርግጠኛ ባልሆነችበት ነገር አትምልም። ገንዘቡ ይቀራል፤ ቤቷም ይናወጣል። አንዳንዱ ሰው ይህንን የፍርሃት ሥራ ይለዋል፤ ልጄ ላይ ክፉ ይመጣል ብላ ሰግታለችና። ሌላው የአማኝ ጽናት ይለዋል። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም ያለው ማን ነው? ያም ሆነ ይህ ጥቅሟን ትታ እውነትን የያዘች እርሷ ናት።

ከሰውየው ልብ ወይስ ከደራሲው ብዕር?

እነዚህ ሦስት ፊልሞች በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። በየምሽቱ የምናየው ሁሉ ግን እንደዚህ አይደለም። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ተተርጉመው በየቤቱ ገብተዋል። በእንዲህ ያሉ ረጃጅም ድራማዎች ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ቃል የሚያልቅ ምስጢርን ለብዙ ሳምንታት ይዞ ይዞራል። ለምን አይናገርም? ብዙ ጊዜ ከልቡ የመጣ ምክንያት የለውም፤ ቢናገር ድራማው ስለሚያልቅ ነው! ትናንት የዋህ የነበረው ዛሬ ያለ ምክንያት ይከፋል፤ ተረኛ ጠላት ስላስፈለገ ነው። ዐሊ ጫማው መጥፋቱን ሲደብቅ ግን ምክንያቱ ከገዛ ልቡና ከቤቱ ድህነት ይመነጫል። ልጆች ይህንን ልዩነት ማወቅ አለባቸው። «ይህ ሥራ ከሰውየው ልብ መጣ ወይስ ከደራሲው ብዕር?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ያየውን ሁሉ አይውጥም።

ስለዚህ ወላጆች በቤታቸው ክርክሩን በዚህ ቅደም ተከተል ቢመሩት መልካም ነው እንላለን፦

አንደኛ፣ ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ ነበር? እኛ የምናውቀውን ሁሉ እርሱ ላያውቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የፈለገው ምን ነበር? የፈራውስ?

ሦስተኛ፣ ሌላ መንገድ ነበረው ወይ? በእርሱ ቦታ ሆኖ ሌላ የመረጠ ሰው በታሪኩ ውስጥ አለ?

አራተኛ፣ ተራኪው ማንን አቅርቦ ማንን አራቀ? የማንን ንግግር አላሰማንም?

ፍርድ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ፍርድ አይኑር አላልንም። «ሁሉም የራሱ ምክንያት አለው» ብሎ ዝም ማለት ሌላው ጥፋት ነው፤ የተበደለ ሰው ፍርድ ይሻልና። ወላጅም መልሱን ቀድሞ ባይናገር ይሻላል። ልጁ ከእናት አባቱ የተለየ ሐሳብ ይዞ ምክንያቱን ቢያቀርብ ድፍረት ተብሎ አይቆጠርበት፤ ያስረዳ፣ ይደመጥ።

የፈርሃዲ ፊልም የሚያበቃው ዳኛው ቴርሜህን «ከአባትሽና ከእናትሽ ከማን ጋር መኖር መረጥሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ነው። ወላጆቿ ውጪ እንዲጠብቁ ይደረጋል። በኮሪደሩ፣ በመካከላቸው የመስታወት በር እያለ፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ሆነው ይጠብቃሉ። መልሷን አንሰማም። በአንዲት ልጅ ላይ ይህን ያህል ሸክም የጫኑት ሁለት ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ለእርሷ ሲሉ የታገሉ ናቸው። ይህንን ፊልም ያያችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን «እርሷ ማንን የመረጠች ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከሚመልሱላችሁ መልስ ስለ ቴርሜህ የምትሰሙት ጥቂት ይሆናል፤ ስለ ገዛ ቤታችሁ የምትሰሙት ግን ብዙ ነው።

አላህ ከመፍረዳችን በፊት የምንጠይቅ፣ ጠይቀንም ለእውነት የምንቆም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።